ግሉተን የሌለበት አስቤዛ በመጠነኛ ዋጋ፦ ከትልልቅ መደብሮችና ከሐበሻ ሱቅ ምን እንግዛ?

እናት ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በደም ምርመራ፣ ኋላም ከትንሹ አንጀቷ በተወሰደ ናሙና፣ ሴሊያክ የተባለው ሕመም እንዳለባት ተረጋግጦ፣ ሐኪሟ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የሚገኝባቸውን ስንዴ፣ ገብስና ራይ (ስንዴ መሰል እህል) የያዘ ምግብ ሁሉ ዕድሜ ልኳን እንድትተው አዝዘዋል። ሕመሙን በሚመለከት በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶናል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ወጪው ነው። በሰፈራችን መደብር «ግሉተን የሌለበት» ተብሎ በተለየው መደርደሪያ ላይ ያለው ዳቦ ከተራው ዳቦ ዋጋው በእጅጉ ከፍ ያለ ሲሆን መጠኑ ደግሞ ያነሰ ነው፤ ፓስታውም ብስኩቱም እንደዚያው። ባለቤቴ በሾፌርነት፣ እኔ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የምንተዳደር ስንሆን ሌሎች ሁለት ልጆችም አሉን። የምንገዛው እንጀራ ደግሞ እሽጉ ላይ «ጤፍ፣ ገብስ፣ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት» (ማንሻ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ስለሚል እሱም ቀረ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ምን ከየት እንደምትገዙና ገንዘቡን የት ላይ እንደምትቆጥቡ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

ቆጣቢው (ቨርጂንያ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ባለቤቴ ይህ ሕመም እንዳለባት ካወቅን ዓመታት ስላለፉ የአስቤዛውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ያን የተለየ መደርደሪያ እንዲያልፉት ነው። እዚያ የተደረደረው በአመዛኙ የስንዴን ምግብ አስመስሎ የተሠራ ነገር ነው፤ የሚወደደውም ማስመሰሉ ነው። በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት ምግብ ግን በየመደብሩ በርካሹ ወገን ተቀምጧል፦ በትልቅ ከረጢት የሚሸጥ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ ደረቅ ባቄላና ምስር፣ ቅመም ያልነካው ሥጋና ዶሮ፣ ወተት፣ ሙዝ፣ ሶስ ያልተጨመረበት የቀዘቀዘ አትክልት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ፈንዲሻ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ላይ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ባያገኙም ጥሬ ዕቃው ብቻውን እስከሆነ ድረስ አያስጨንቅዎት።

ጽሑፉን የግድ የሚሹት ዱቄት የሆነ ነገርና አጃ (እዚህ «ኦትስ» የሚባለው) ናቸው። ዱቄት የተፈጨበት ወፍጮ ሌላ ምን እንደሚፈጭ በዓይን አይታይም፤ አጃ ደግሞ በእርሻውም በመጓጓዣውም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል ተራውን የአጃ እሽግ መግዛት አይገባም። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በሚሊዮን ከ20 ክፍል ያነሰ ግሉተን ብቻ ሊኖርበት ይችላል። እኛም ገንዘባችንን የምናወጣው ይህ ጽሑፍ በሚያስፈልግበት ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው የይዘት ዝርዝር ንባብ ነው። በ2004 የወጣው የአለርጂ ሕግ አምራቾች ስንዴን በግልጽ እንዲጽፉ ያስገድዳል፤ ገብስንና ራይን ግን አያካትትም። ስለዚህ «ስንዴ የለበትም» የሚል እሽግ ገብስ ሊኖርበት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም «ሞልት» በሚል ስም፣ ማለትም የገብስ ብቅል ሆኖ ይገባል። የበቆሎ ወይም የሩዝ ብቻ የሚመስሉ ብዙ የቁርስ እህሎች ለጣዕም ይህ ብቅል ይጨመርባቸዋል። አኩሪ አተር ሶስም በተለምዶ ስንዴ ያለበት ነው።

ዋጋ ሲያወዳድሩ የእሽጉን ዋጋ ሳይሆን በመደርደሪያው ጠርዝ በትንሹ የተጻፈውን የአንድ አውንስ ወይም የአንድ ፓውንድ ዋጋ ይዩ። ፓስታ ካስፈለገ አልዲ ግሉተን በሌላቸው ምርቶች የራሱ መለያ አለው፤ ሌሎችም ትልልቅ መደብሮች በራሳቸው ስም የሚሸጡት የበቆሎና የሩዝ ፓስታ ከታወቁት መለያዎች አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። በክፍት ሣጥን ሆኖ በጭልፋ እየተዛቀ የሚሸጠውን እህል ግን ርካሽ ቢሆንም ይተዉት፤ አንዱ ደንበኛ የስንዴውን ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ትቶት ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሲያትል ነዋሪ

በቆጣቢው ሐሳብ ላይ የምጨምረው የሕንድ፣ የሜክሲኮና የእስያ ሱቆችን ነው። በሕንድ ሱቅ «ራጊ» የሚባለው የእኛው ዳጉሳ፣ «ጆዋር» የሚባለው ማሽላ፣ «ቤሳን» የሚባለው የሽምብራ ዱቄት ሲሆን፣ ዋጋቸው በጤና ምግብ መደርደሪያ ላይ ከሚሸጡት ትንንሽ ከረጢቶች ጋር የሚወዳደር አይደለም። በእስያ ሱቅ የሩዝ ዱቄትና የሩዝ ኑድል፣ በሜክሲኮ ሱቅ የበቆሎ ቶርቲላ እጅግ ርካሽ ነው። ልጆቻችን ለምሳ የሚወስዱት በዳቦ ፈንታ በሞቀ የበቆሎ ቶርቲላ የተጠቀለለ እንቁላል ወይም ዶሮ ነው፤ እስካሁን ያጉረመረመ የለም። ሐበሻ ወሎም ሐረርጌም የማሽላ እንጀራ ሲበላ የኖረ ሕዝብ ስለሆነ፣ ጤፉን በማሽላ ማበራከት እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም።

ቆጣቢው (ቨርጂንያ)

ወንድሜ ሲያትል፣ ቶርቲላውን በደስታ እቀበላለሁ፤ በዱቄቶቹ ግን አልስማማም። የሕንድ ሱቅ ዱቄት አብዛኛው የስንዴ ዱቄት በሚፈጭበት ወፍጮ ያለፈ ነው። በአሜሪካ በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ግሉተን በተፈጥሯቸው የሌለባቸውን፣ ሆኖም «ግሉተን ፍሪ» ተብለው ያልተሸጡ 22 የእህልና የዱቄት ናሙናዎችን መርምሮ፣ በ7ቱ ውስጥ በሚሊዮን ከ20 ክፍል በላይ ግሉተን አግኝቷል። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዱቄት ላይ ጽሑፉን የምጠይቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሲያትል ነዋሪ

ትክክል ነው፤ ማብራራት ነበረብኝ። ራጊም ጆዋርም «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የታሸገ አለ፤ እኔም የምገዛው እሱን ነው፤ እንዲያም ሆኖ ይረክሳል። ከሕንድ ሱቅ በጭራሽ የማይገዛው «ሂንግ» የተባለው ቅመም ነው፤ ዱቄቱ እንዳይጓጉል አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ምስርና ክክ ሲገዙ ደግሞ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው ይልቀሙት። በቀይ ምስር መካከል ረዘም ያለ፣ ሆዱ ላይ ስንጥቅ መስመር ያለው ፍሬ ካዩ ስንዴ ወይም ገብስ ነው፤ ከአንድ ከረጢት ጥቂት ማግኘት የተለመደ ነው። ከተለቀመ በኋላ በደንብ ማጠብ ነው።

እንጀራ ወዳጅ (ዳላስ)

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። እንጀራ ለቀናት የሚቦካ ምግብ ነው፤ እርሾው ግሉተኑን ይበላዋል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የግሉተን መመርመሪያ ገዝቶ ከሱቅ የመጣውን እንጀራ መፈተሽ ይችላል። በየሱቁ ያለው እንጀራ ርካሽ ሆኖ ሳለ ሰው ቤቱ ሊጥ ሲያቦካ መዋል የለበትም።

የላቦራቶሪ ሰው

የምሠራው በሕክምና ላቦራቶሪ ስለሆነ ይህ አስተያየት ሳይመለስ እንዲያልፍ አልፈልግም። ቡኮ ከግሉተኑ የተወሰነውን ሊሰባብር ይችላል፤ የተለመደው የእንጀራ ቡኮ ግን ስንዴ ወይም ገብስ የገባበትን ሊጥ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ደኅና አያደርገውም። መመርመሪያውም ቢሆን በዚህ ምግብ ላይ አያስተማምንም፤ የተለመዱት ምርመራዎች የሚፈልጉት ያልተሰባበረውን ግሉተን ስለሆነ በቦካ ምግብ ላይ መጠኑን አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ስለቦኩ ምግቦች ለብቻው ደንብ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለውን ምግብ «ግሉተን ፍሪ» ብሎ የሚሸጥ አምራች፣ ጥሬ ዕቃው ከመቡካቱ በፊት ግሉተን ያልነበረበት መሆኑን በመዝገብ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ስለ እንጀራ ትክክለኛው ጥያቄ «ተመርምሯል ወይ?» ሳይሆን «ከምን ዱቄት፣ በየትኛው ዕቃ ተቦካ?» የሚል ነው።

እግረ መንገዴን ለጠያቂዋ እናት አንድ ነገር ላንሳ። ሴሊያክ በቤተሰብ ይሄዳል፤ ከሕመምተኛው ወላጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ከአሥሩ አንዱ ያህል ሊኖርበት ይችላል። ቤቱን ሙሉ ግሉተን ወደሌለበት ምግብ ከማዞርዎ በፊት እርስዎም ባለቤትዎም ሌሎቹ ልጆችም የደም ምርመራውን ብታደርጉ መልካም ነው፤ ግሉተን ካቆሙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላልና።

እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የልጆቹን ምርመራ ነገ ቀጠሮ አስይዛለሁ። እንጀራውን ግን እንዴት ልወጣው? ለእሷ ብቻ ለብቻዋ ልጋግር ወይስ ለሁላችን? ለሁለተኛ ምጣድ ማውጣት ካለብኝም ከወዲሁ ልወቀው።

ባለምጣድ (አሌክሳንድርያ)

እህቴ፣ እኔ በቤቴ እየጋገርኩ ለጥቂት ደንበኞች የማቀርብ ሰው ነኝ፤ ከደንበኞቼም ሁለት ቤተሰብ የእርስዎ ዓይነት ልጅ አላቸው። ስሌቱን በግልጽ ልንገርዎ። ለእሷ ብቻ የሚጋግሩ ከሆነ ሁለት ሊጥ፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት ሰፌድ፣ ሁለት ማሰሻ ያስፈልግዎታል፤ አንድ ቀን ደክሞዎት ሲያምታቱት ልጅቷ ትታመማለች። ለሁሉም አንድ ዓይነት እንጀራ ከጋገሩ ዱቄቱ ላይ ትንሽ ይጨምራሉ፤ ዕቃው ላይ ግን ይቆጥባሉ። የሁሉም ሰው ምርመራ ካለቀ በኋላ የኔ ምክር ሁለተኛው ነው።

ጤፉን ከጤና ምግብ መደርደሪያ በትንሽ ከረጢት አይግዙ። በሐበሻ ሱቅ 25 ፓውንድ የሚይዘው ከረጢት አለ፤ እሽጉ ላይ «ግሉተን ፍሪ» የሚለው መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ። በአይዳሆ የሚመረተው የአሜሪካ ጤፍ በየሐበሻ ሱቁ የታወቀ ነው። ከእኔ ልምድ ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ የማሽላ ወይም የሩዝ ዱቄት ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል፤ ማሽላው ሲበዛ ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ሰልፍ ራይዚንግ የሚጨምረው በዚህ አገር ውሃና አየር ሊጡ አልነሣ፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ስለሚለው ነው። መድኃኒቱ አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ወስደው በፈላ ውሃ እያማሰሉ እንደ ቀጭን ገንፎ ያብስሉት፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሰው ኩፍ እስኪል ይጠብቁት። አብሲት በደንብ የተጣለበት ሊጥ ስንዴ አያምረውም።

እርሾ ከጎረቤት አይዋሱ። የጎረቤትዎ እርሾ ለዓመታት ስንዴ ሲቦካበት የቆየ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎን ከንጹሕ ጤፍና ከውሃ አዲስ ያስጀምሩት፤ መጀመሪያ ላይ ቢዘገይም ይመጣል። የፕላስቲክ ቡኮ ዕቃው አዲስ ይሁን፤ ርካሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድዎ ፊቱ ያልተጫጫረ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመው አጥበው ሊቀጥሉበት ይችላሉ፤ የተጫጫረ ከሆነ ይለውጡት። ሰዎች የሚረሱት ማሰሻውን ነው። ያ በዘይት የራሰ ጨርቅ በየእንጀራው መሀል ምጣዱን ሲያብስ የቀድሞውን ሊጥ ቅርፊት ሁሉ በውስጡ ሰብስቧል፤ አውጥተው ይጣሉት። ከስንደዶ የተሰፋውንም ሰፌድ ይተኩት፤ በስፌቱ መካከል የገባ ዱቄት ታጥቦ አይለቅም። በካርቶን ቆርጠው በንጹሕ ጨርቅ ቢሸፍኑት ለጊዜው ይበቃል።

በአንድ ጊዜ በዛ አድርገው ጋግረው፣ በየመሀሉ ወረቀት አስገብተው በፍሪዘር ቢያስቀምጡት የሳምንት ድካም ይቀንስልዎታል።

ከሮማ

ከጣሊያን እጽፋለሁ። እዚህ በ2005 በወጣ ሕግ ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን የሌለበት ምግብ መግዣ የሚሆን ድጋፍ ከመንግሥት በየወሩ ይሰጠዋል፤ መጠኑም በዕድሜና በጾታ ይለያያል። እኔ ድጋፉን የማውለው ለፓስታና ለዱቄት ብቻ ነው፤ የቀረውን በሩዝ፣ ፖሌንታ በሚባለው የበቆሎ ገንፎና በምስር እሸፍነዋለሁ። በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ነገር የለም ወይ?

ቆጣቢው (ቨርጂንያ)

እንደ እናንተው ያለ የለም፤ ሆኖም ብዙ ወገኖቻችን የማይጠቀሙባቸው ጥቂት በሮች አሉ። የምግብ ድጋፍ ካርድ ያለው ቤተሰብ ግሉተን የሌለበትንም ምግብ እንደማንኛውም ምግብ ሊገዛበት ይችላል። ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የዊክ ድጋፍ በሙሉ ስንዴ ዳቦ ፈንታ ቡናማ ሩዝ ወይም የበቆሎ ቶርቲላ ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩ በየስቴቱ ስለሚለያይ ቢሮውን መጠየቅ ነው። ለጠያቂዋ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው የትምህርት ቤቱ ምሳ ይመስለኛል። የፌዴራል የምሳ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት፣ ሕመሟን የሚገልጽ የሐኪም ጽሑፍ ሲቀርብለት ለልጅዎ የሚስማማ ምግብ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ኩሽናውን ራስዎ ሄደው ቢያዩና የምግብ ኃላፊዋን ቢያነጋግሩ ይሻላል፤ በወረቀት የተጻፈው ሁሉ በጭልፋ ላይ ላይደርስ ይችላል።

የታክስ ነገርም ይነሣል። ግሉተን የሌለበት ምግብ ከተራው የሚበልጥበት ልዩነት እንደ ሕክምና ወጪ ሊቆጠር ይችላል፤ ነገር ግን ጠቅላላ የሕክምና ወጪዎ ከተስተካከለው ገቢዎ 7.5 በመቶ ማለፍ ስላለበት፣ ዝርዝር ተቀናሽ ለማያስገባ ቤተሰብም ስለማይሠራ፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ደረሰኝ ከመሰብሰብ ድካም በቀር ብዙም ትርፍ የለውም።

የላቦራቶሪ ሰው

ከሐበሻ ሱቅ ስለሚገዛው ነገር ላክል። ቡላና ቆጮ ከእንሰት ስለሚገኙ ግሉተን የለባቸውም፤ የቡላ ገንፎ ለልጅ ቁርስ የሚሆን ነው። ቂንጬና ጨጨብሳ በተለምዶ ከስንዴ፣ በሶ ከገብስ ስለሚዘጋጁ ይቀራሉ፤ ቆሎም ገብስ ካለበት እንደዚያው። ከአገር ቤት «አጃ» ተብሎ የሚመጣውን ዱቄት ፈጽሞ አይስጧት፤ በብዙ የአገራችን ክፍል በዚህ ስም የሚጠራው የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ይዘታቸው የተጻፈባቸውን ይምረጡ።

እናት ከሜሪላንድ

ከጠበቅሁት በላይ ሰጣችሁኝ። በዚህ ሳምንት የማደርገውን ወስኛለሁ፦ ትልቁን የጤፍ ከረጢት፣ የማሽላ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ምስርና ቶርቲላ ገዝቼ፣ ከተለየው መደርደሪያ የምወስደው ለልደቷ የሚሆን የኬክ ዱቄት ብቻ ነው። የልጆቹ የደም ምርመራ እንዳለቀ ለሁላችን አንድ እንጀራ እጋግራለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እናቴ ከጎንደር በየጊዜው በሰው የምትልክልን ሽሮ አለ፤ ሽምብራ፣ አተርና ቅመም ብቻ እንደሆነ በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ልጄ ከምንም በላይ የምትወደው እሱን ነው። ይቻላል?

ባለምጣድ (አሌክሳንድርያ)

እናትዎ ያስገቡበት ነገር ንጹሕ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ጥያቄው ወፍጮ ቤቱ ነው። ከእርሳቸው ፊት በተራው የነበረው ሰው ስንዴ ወይም ገብስ አስፈጭቶ ከሆነ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ከሽሮው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት መድፋቱም አያስተማምንም። የተላከውን ለሌሎቻችሁ አድርጉት፤ ለእሷ በተለየ ድስትና ማማሰያ ይሠራላት። ለሚቀጥለው ጊዜ እናትዎ ሽሮውን ሳያስፈጩ፣ የተቆላውንና የተከካውን ሽምብራና አተር ከነቅመሙ በደንብ ለቅመው ይላኩልዎ። እዚህ ስንዴ ባልነካው የቡና መፍጫ ትንሽ በትንሽ ይፈጩታል፤ በወንፊት ነፍተው የቀረውን መልሰው ይፍጩት። እስከዚያ ድረስ «ግሉተን ፍሪ» የተባለውን የሽምብራ ዱቄት በደረቅ ድስት ሽታው እስኪለወጥ አመስ አድርገው፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና በሶብላ ቢጨምሩበት ልጅቷ ልዩነቱን ትለየው ይሆናል እንጂ አትመልሰውም።